የዓሣዎቹ ረድፍ

«ማሩን ለምን ታባክኛለሽ፣ እማዬ? እኔ እኮ ዓሣ ነኝ» አለች ሚጣ።

መምህርቷ ይህን የሰማችው ከመኝታ ክፍሏ ሳትወጣ፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ ሌላውን ጫማ አልጋ ሥር ስትፈልግ ነበር። የእህቷ ቤት ግድግዳ ምሥጢር አይቋጥርም፤ ማእድ ቤት የተንሾካሾኩት ሳሎን ይሰማል፣ ሳሎን ያስነጠሰው ሰው ከመኝታ ክፍል «ይማርህ» ይባላል። እህትየዋ ልጇ የትምህርት ቤቱ የመዝሙር ቡድን ውስጥ ከገባች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ማር እየበጠበጠች ታጠጣታለች። ጉሮሮ ያጠራል ብሎ የነገራት ማን እንደሆነ እንጃ። የማር ዋጋ ደግሞ በየሳምንቱ ሽቅብ ነው፤ እሷ ግን ከራሷ ሻይ ላይ ስኳር እየቀነሰች ማሩን አላጓደለችም። አሁን ማንኪያዋን ብርጭቆው ውስጥ እንዳቆመች፣ ዓሣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጇን ጠየቀቻት። ሚጣም ዳቦዋን እያላመጠች፣ የሰፈር ወሬ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ አስረዳቻት። ከኋላ ረድፍ የሚቆሙት ልጆች ሁሉ ዓሣ ይባላሉ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ በትክክለኛው ቦታ ትንፋሽ ይስባሉ፣ ፈገግ ይላሉ፤ ድምፅ ግን አያወጡም። ድምፅ ያወጣ ከቡድኑ ይቀነሳል። «ቲቸር ናት እንደዚህ አድርጉ ያለችን» ብላ ጨረሰች። ቲቸር ማለት አክስቷ ናት፤ ትምህርት ቤት ውስጥ አክስቴ እንዳትላት ተነግሯታል።

መምህርቷ ጫማውን አገኘችው፤ ባታገኘው ደስ ባላት ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ማሰሪያውን አሰረች፣ ፈታች፣ እንደገና አሰረች። ከዚያ ቤት ሹልክ ብሎ መውጫ የለም፤ ወደ ደጅ የሚያወጣው በር ማእድ ቤቱ ውስጥ ነው። ሳሎኑም ቢሆን ለእግር መረገጫ የለውም። እህትየዋ ልብስ ሰፊ ስለሆነች የክፍሉን ግማሽ የስፌት መኪናዋ ይዞታል፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ የሰው ቀሚስ፣ የሰው ሱሪና የጨርቅ ቁርጥራጭ ወርሶታል። ግድግዳው ላይ በሽቦ የተንጠለጠሉት ነጫጭ ኮሌታዎች የመዝሙር ቡድኑ ናቸው። እህትየዋ አርባዎቹንም በነፃ ሰፍታቸዋለች፤ «የእህቴ ቡድን፣ የልጄ ቡድን» እያለች። ልብስ ልታስለካ የመጣች ሴት ሁሉ ወገቧ ሳይለካ በፊት፣ የቤቱ ልጅ በውድድር ላይ እንደምትዘምር ትሰማለች። ፀጉር ሠሪዋ ሰምታለች። ባለሱቁ ሰምቷል። የአከራዩ ሚስት እንኳ፣ ማንንም የማትሰማው ሴትዮ፣ ሰምታለች።

መምህርቷ ማእድ ቤት ስትገባ እህትየዋ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር፤ ጩኸት ሲያልቅ ያልቃል። ብርጭቆውን ልጇ ፊት አስቀመጠችና፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ዝም ያስባልሻት ብላ ጠየቀች። መምህርቷ ምክንያቷን ደረደረች። የትም ትምህርት ቤት እንደዚሁ ነው የሚደረገው፤ ዘፈኑ ከባድ ነው፤ አርባ ልጅ ካልሞላ ደግሞ መድረክ ላይ አያወጡም። ሚጣም ብትሆን ድምጿ ትንሽ ይንሸራተታል እንጂ መጥፎ አይደለም። ይህን የመጨረሻውን ባትለው ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሚጣ ማላመጧን አቆመች። ዳቦውን አገላብጣ አየችና ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ለካ ለዲዳ ነው ኮሌታ ስሰፋ የከረምኩት» አለች እህትየዋ። «ዛሬ አይደል ዘፈን የምትመርጡት? ምረጪ። ዘንድሮ ልጄ ድምጿን አውጥታ ካልዘመረች ግን አንቺም ሌላ ማደሪያ ፈልጊ።»

«እታለም፣ በልጅ ፊት?»

«አንቺስ በልጅ ፊት አይደል ያደረግሽው?»

ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣ መምህርቷ ጥርሷን ነከሰች። ከጎኗ ሁለት ሴቶች የሽንኩርት ነገር አንስተው እየተማረሩ ነበር፤ ሽንኩርት ገዝቶ ማልቀስ ቀርቶ ዋጋውን ሰምቶ ማልቀስ ሆኗል እያሉ። እሷ ግን የምትሰማው የእህቷን ድምፅ ነበር። ዲዳ! ማን ነው ለዚች ሴትዮ ስለ መዝሙር የነገራት? ጨርቅ ሲያጥር ቀጥላ፣ ሲሰፋ አጥብባ፣ የጎደለውን በሽፋን ሸፍና አይደል እንዴ እንጀራዋን የምትበላው? ዘዴው ራሷ መምህርቷ ያመጣችው ነው፤ ያፈረችበትም ቀን አልነበረም። የውድድሩ ደንብ አንድ ቡድን ከአርባ ልጅ በታች ይዞ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ዳኞቹ ደግሞ ከባድ ዘፈን ይወዳሉ፤ በአራት ድምፅ የተከፈለ፣ ወደ ላይ የሚወነጨፍ፣ መጨረሻው ላይ ጣሪያ የሚነቀንቅ። እንዲህ ዓይነቱን ዘፈን በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚችሉት ልጆች ከሃያ አይበልጡም። ስለዚህ ሃያው ይዘምራል፣ ሃያው አፉን ይከፍታል። ሁለት ዋንጫ መጥቷል በዚህ ዘዴ። ዋንጫው ሲመጣ አርባውም ልጅ ነው የሚጨበጨብለት፤ ታዲያ ምን በደለች? እንዲህ እያለች ከራሷ ጋር ስትከራከር መውረጃዋን አልፋ ሄደች። ተመልሳ በእግሯ ስትመጣ አቧራውም፣ ፀሐዩም፣ ረዳቱም፣ ሁሉም ነገር ሆን ብሎ የሚያናድዳት መሰላት።

የመዝሙር ክፍሉ ቀድሞ የተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ ነበር። ዛሬም የተሰበሩት ወንበሮች ጥግ ይዘው ተቆልለዋል፤ የተረፈው ቦታ ነው ለሙዚቃ የተሰጠው። ግድግዳው እርጥበት ጠጥቶ አብጧል። የኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት አይነሳም፤ ነቅለው ነቅለው ያስነሱታል። አጃቢው፣ ልጆቹ «ቶሎ ቶሎ» የሚሉት፣ ማንኛውንም ዘፈን ከሚገባው በላይ አፍጥኖ ስለሚጫወት ነው ይህን ስም ያገኘው። ማስቲካውንም የሚያኝከው በዚያው ፍጥነት ነው። መምህርቷ ስትገባ «ማዕበሉ» የሚባለውን ትልቁን ዘፈን ኖታ ኪቦርዱ ላይ ዘርግቶ፣ ምርጫው ያለቀ ይመስል ጣቱን እያፍታታ አገኘችው። የዳይሬክተሩ ፍላጎት እንደሆነ ነገራት። የጎረቤት ትምህርት ቤት ዓምና ዝናውን ያገኘው በዚያ ዘፈን ነው፤ ዘንድሮ እነሱን በራሳቸው ዘፈን ማዋረድ ነው የተፈለገው።

እሷ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ኖታዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ወንበር ላይ አስቀመጠች። ይሄኛው ለልጅ ጉሮሮ አይሆንም፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ጣራ ላይ ነው። ይሄኛው የወንዶቹን ድምፅ ብቻውን ያስቀረዋል፤ ወንዶቹ ደግሞ ዘንድሮ ድምፃቸው እየጎረነነ ስለሆነ፣ ሲጀምሩ ወንድ ሆነው ሲጨርሱ ሴት ይሆናሉ። ያኛው ቃላቱ የፍቅር ነው፣ ወላጅ ያስቆጣል። ሌላኛውን ደግሞ ሁሉም ትምህርት ቤት ዘምሮት ዘምሮት ጆሮ አቁስሏል። ከሥር፣ ጫፉ የተጣጠፈ፣ «የጠዋት መንገድ» የሚል ስስ ኖታ አወጣች። ሁለት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዜማው ሰው በደህናው ከሚናገርበት ከፍታ ብዙም አይርቅም፤ እንደ ደረጃ አንድ አንድ እያለ ይወጣል፣ አንድ አንድ እያለ ይወርዳል፣ ከየስንኙ በኋላ ትንፋሽ መሳቢያ ይሰጣል። ታችኛው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ጆሮው የሚንሸራተት ልጅ እንኳ ይዞት ሊቆም ይችላል። ማንኛውም ልጅ የሚዘምረው ዘፈን ነው። ጣጣውም ይኸው ነው፤ ማንም በሚችለው ነገር ዋንጫ የሚሰጥ የለም። ቶሎ ቶሎ ኖታውን ተቀብሎ በአንድ እጁ፣ ማስቲካውን እያኘከ፣ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ተጫወተው። «ይሄን ይዘን ከሄድን ዳኞቹ ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ» አለ።

ረፋዱ ላይ ሁለቱም ዳይሬክተሩ ቢሮ ተጠሩ። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ለሰው ሳይሆን ለዋንጫዎቹ የተሠራ ይመስላል። የመስታወት ሳጥኑ ከጠረጴዛው ይበልጣል፣ ቁልፉም ከዳይሬክተሩ የመኪና ቁልፍ ጋር አብሮ ይዞራል። ዳይሬክተሩ ወፈር ያለ፣ ሲናገር እስክሪብቶውን እያገላበጠ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ነው። መምህርቷ ሁለቱንም ኖታ ይዛ ነው የገባችው፤ እውነቱን ለመናገር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልወሰነችም ነበር። ምናልባት «ማዕበሉ»ን ተቀብላ፣ ለሚጣ አንድ ትንሽ ነገር ፈልጋ፣ እህቷንም አባብላ ቀኑን ልታልፈው ነበር። ዳይሬክተሩ ግን ጥሩ ስሜት ላይ ስለነበረ ሊያመሰግናት ፈለገ።

«የአንቺ ዘዴ እኮ ግሩም ነው» አላት። «እነዚያ ከኋላ የሚቆሙት ምን ማለት ናቸው? መጋረጃ ማለት ናቸው። መጋረጃ ያምራል እንጂ አይናገርም።» በራሱ ቀልድ ሳቀ። ቶሎ ቶሎም አብሮት ሳቀ። «የእህትሽ ልጅም እዚያው ናት አሉኝ። አለማዳላት ማለት ይሄ ነው።»

ደሟ ፈላ። ራሷ ስትለው ብልሃት የነበረ ነገር ከሰው አፍ ሲወጣ ብልግና ሆነባት። ሰውየው ወፍራም ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም የማስባል ምልክት ሲያሳይ፣ ሚጣ ዳቦዋን ሳህኑ ላይ ስትመልስ ታየቻት። «ዘንድሮ ሁሉም ይዘምራል» አለች። ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ስሱን ኖታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ዳይሬክተሩ አነሳውና ገጹ ስንት እንደሆነ አየ እንጂ ኖታ ማንበብ አይችልም። ምን ያህል እንደሳሳ ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ። ወላጅ ልጁን ወደዚህ ትምህርት ቤት የሚያመጣው ለመስታወት ሳጥኑ እንደሆነ፣ የትምህርት ቤቱ ስም በመዋዕለ ሕፃናት ዘፈን እንደማይቀለድበት፣ እሷ ደግሞ ሁለት ዋንጫ ስላመጣች ብቻ ትዕቢት እንደተሰማት እየዘረዘረ ነገራት። ከተሸነፈች ቡድኑን ለሌላ ሰው አስረክባ ወደ ክፍል ትገባለች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ጽዳትና ሰልፍ መቆጣጠር። ሌላ ሰው ሲል በአገጩ ወደ ቶሎ ቶሎ ጠቆመ። መምህርቷ ቶሎ ቶሎን አየችው። አምስት ዓመት አብረው የሠሩት ሰው «ኧረ እኔ አልፈልግም» የሚል መስሏት ነበር። እሱ ግን ጥፍሩን ያይ ነበር። ማስቲካውን እንኳ ቀስ ብሎ ነበር የሚያኝከው።

«የዘፈኑ ርእስ ዛሬ ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት ለጸሐፊዋ ይሰጣል» አላት ዳይሬክተሩ። «እስከዚያ ልብ ግዢ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለእህቷ ደወለች። ዘንድሮ ሁሉም እንደሚዘምር፣ ሚጣም እንደምትዘምር፣ ዳይሬክተሩን ፊት ለፊት እንደተናገረችው ነገረቻት። ከስልኩ ወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ አንድ ረጅም ስፌት እስኪያልቅ ድረስ። እህትየዋ አላመሰገነችም፤ እናያለን አለች። ሊዘጋ ሲል ግን፣ ምሳ በልተሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት። መምህርቷ ሳትበላ በልቻለሁ አለች። የተጣሉ እህትማማቾች እንደዚህ ነው የሚታረቁት፣ በምሳ በኩል ዞረው። ቀኑን ሙሉ ከብዷት የነበረው ደረቷ ትንሽ ቀለል አለላት። እንዲያውም ደረጃውን ስትወርድ የዘፈኑን ዜማ ታንጎራጉር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ተገፋፍተው ገቡና እንደ ልማዳቸው ቆሙ፤ ፊተኞቹ ፊት፣ ዓሣዎቹ ኋላ። ኋላ የሚቆሙት አግዳሚ ወንበር ላይ ስለሆነ ከፊተኞቹ ረዝመው ይታያሉ። ሚጣ መጨረሻው ላይ፣ ከግድግዳው እብጠት አጠገብ ናት። አዲሱ ኖታ ሲታደል ከፊት ረድፍ ማጉረምረም ተጀመረ። የቡድኑ መሪ ዘማሪ የሆነችው ቀጭን ልጅ፣ ወላጆቿ በሰርግ ሳይቀር የሚያዘምሯት፣ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ይዛ «ይሄን ታናሽ ወንድሜም ይችለዋል» አለች። መምህርቷ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ፊተኞቹ ዜማውን አንዴ ሰምተው ያዙት፤ ሁለተኛው ላይ ማዛጋት ጀመሩ። ከዚያ አርባውም እንዲዘምር አዘዘች። አርባውም አፉን ከፈተ። የተሰማው ግን የሃያው ድምፅ ነው፣ ከቅድሙ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ኪቦርዱን በእጇ አስቆመችና፣ ከኋላ ያላችሁ ድምፅ አውጡ አለች። ዓሣዎቹ እርስ በእርስ ተያዩ። አንድ ረጅም ልጅ፣ ጥፋት የተያዘበት መስሎት፣ እኔ አላወጣሁም ቲቸር ብሎ ማለ።

ፊተኞቹን ከክፍሉ አስወጣቻቸው። በሩ ተዘጋ። «አሁን እኔና እናንተ ብቻ ነን» አለች። ቶሎ ቶሎ መግቢያውን ተጫወተ። ሃያ አፍ እኩል ተከፈተ። ከንፈሮቹ በቃላቱ ላይ አንድም ሳይስቱ ሄዱ፤ በስንኙ መጨረሻ ሃያ ደረት እኩል ተነፍቶ እኩል ወረደ። ከኪቦርዱ በቀር ክፍሉ ውስጥ ምንም አልነበረም። መምህርቷ በዚህ ዓለም ላይ ማንንም እንደዚህ አሳምራ አስተምራ አታውቅም። እንደገና አስጀመረች፤ እንደገና ዝም። በሦስተኛው ልትለማመጣቸው ምንም አልቀራትም፤ እንደማይቀጡ፣ ማንም እንደማይቀነስ ነገረቻቸው። አላመኗትም፤ ደግሞስ በምን ምክንያት ያምኗታል? ያኔ ከግድግዳው በኩል አንድ ድምፅ ወጣ።

ሚጣ ነበረች። ድምጿ ትልቅ ነው፤ ሰው ከዚያች ቀጭን አንገት ይወጣል ብሎ የማይጠብቀው ዓይነት። ዜማውን ከሥር ያዘችው፣ ትንሽ አብራው ሄደች፣ ከዚያ ከቅኝቱ ወጥታ በራሷ መንገድ ቀጠለች። ግን ደስ ብሏት ነበር የምትሄደው። ሌሎቹም የሷን ሲሰሙ ደፈሩ። አንዱ ገባ፣ ሌላው ገባ፤ ሃያ ድምፅ በሃያ አቅጣጫ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ። ከበሩ ወዲያ የፊተኞቹ ሳቅ ተሰማ። ሚጣ ሳቁን አልሰማችም፤ ዓይኗን አክስቷ ላይ ተክላ ነው የምትዘምረው። መምህርቷ ፈገግ ልትል ፈለገች፤ እግዜር ያያል፣ ከልቧ ነው የፈለገችው። ግን ጆሮዋ የራሷ አይደለም፤ በስንት ዓመት የተሞረደ ነው፣ የተሳሳተ ድምፅ ሲሰማ ጥርሷን ያማታል። ፊቷ ዳቦ ውስጥ አሸዋ እንደነከሰ ሰው ፊት ጭምድድ አለ። ለራሷ አልታወቃትም። የታወቃት ሚጣን ስታይ ነው። የልጅቷ አፍ አሁንም ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን ቀስ እያለ ወርዶ ጠፍቷል። ቀጥሎ የረጅሙ ልጅ ድምፅ ጠፋ። ቀጥሎ የሌሎቹ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሃያ አፍ እኩል ተዘጋ።

ጎበዞች አለቻቸው። ማንም አልተደሰተም። ልጆቹ ቦርሳቸውን እየለቀሙ ሲወጡ ሚጣ የመጨረሻዋ ሆነች። አጠገቧ ስትደርስ ቆም አለች።

«ፊትሽን አይቼዋለሁ፣ ቲቸር።»

ልጅቷ ወጣች። ቶሎ ቶሎ ተነስቶ የማይነሳውን ቁልፍ በጥፍሩ እየነቀለ፣ ወደ እሷ ሳይዞር፣ «ማዕበሉ»ን እንዳልጣለው፣ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ነገራት። እሷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሚያናድደው ነገር ልጆቹ መማር መቻላቸው ነው። ሁለት ወር ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ እያደረገች፣ ጆሯቸውን ከፍታ፣ ታችኛውን ድምፅ እያስያዘች ብትሠራባቸው ይስተካከላሉ፤ ሚጣም ብትሆን ትስተካከላለች፤ በዚያ ድምፅ ላይ ቅኝት ቢጨመርበት ከመሪዋ ልጅ ይበልጥ ነበር። አይችሉም ብላ ብትገላገል እንዴት በተመቻት። ይችላሉ። ግን ዘንድሮ ዋንጫ የለም፣ ምናልባት ከርሞም የለም። ሰውየው በአገጩ ይጠቁማል፣ ቶሎ ቶሎ ይረከባል፣ እሷ ሰልፍ ታስይዛለች። ያን ሁሉ ንዴቷን የምታሳርፍበት ፈለገች። ዳይሬክተሩ ላይ አሳረፈችው፣ አልበቃትም። እህቷ ላይ አሳረፈችው፣ አልበቃትም። መጨረሻ ላይ ሚጣ ላይ አረፈ። ምን ነበረበት ትንሽ ለስለስ አድርጋ ብትጀምር? ማን ጩሂ አላት? ይህን ማሰቧን ራሷ ስትሰማው ደነገጠች፤ ግን ሐሳቡን አላባረረችውም።

የጸሐፊዋ ቢሮ ሊዘጋ ሲል ደረሰች። ጸሐፊዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ በእጅ መስታወት ከንፈሯን ቀለም እየቀባች ነበር። መውጫ ሰዓት ላይ የምትመጡት ለምንድን ነው ብላ ተነጫነጨች። በቆመችበት ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብላ፣ በይ ርእሱን ንገሪኝ አለቻት። መምህርቷ ከቶሎ ቶሎ የተቀበለችውን ጨምሮ ሁለት ኖታ ይዛ ነበር። የላይኛው ስሱ ነው።

«ማዕበሉ» አለች።

ቃሉ እንዲያው በቀላሉ ነው የወጣው። ጸሐፊዋ ጻፈችው፣ አተመችው፣ ፊርማ አስፈረመቻት፣ መብራቱን አጠፋች። መምህርቷ ስትወጣ ሚጣ ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አገኘቻት፤ ሁልጊዜ ወደ ቤት የሚሄዱት አብረው ነው። በሩ ክፍት ነበር። ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ ቀድማ ሄደች። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መምህርቷ ብስኩት ልግዛልሽ አለቻት፤ ሚጣ አልፈልግም ለማለት ራሷን ብቻ ነቀነቀች። የሰፈሩን ጥግ እስኪታጠፉ ድረስ መምህርቷ ለእህቷ የምትነግራትን እያዘጋጀች ነበር። ዳይሬክተሩ አስገደደኝ ትላለች። ከርሞ ትላለች። ነገ እነግራታለሁ፣ ዛሬማ ቀኑም ደክሞታል ብላ ወሰነች።

ቤቱ ሌላ ቤት ሆኖ ጠበቃቸው። እህትየዋ መምህርቷ የምትቀመጥበትን ወንበር ከጨርቅ ቁልል አላቃ አጽድታዋለች። ጠረጴዛው ላይ የታጠበ ጨርቅ ተነጥፎበታል። እሷ ማእድ ቤት ምድጃው ላይ ድንች እየጠበሰች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ጠዋት የተቆጣችው ሴትዮ ሌላ ሰው የነበረች ይመስል ሳትቆም ታወራለች። ከምሳ በኋላ ቀሚስ ልታስለካ ለመጣች ደንበኛዋ ሁሉንም ነግራታለች፤ እህቴ ዳይሬክተሩን አፉን አስያዘችው ብላ። ደንበኛዋም በውድድሩ ቀን ልትመጣ ነው። ባለሱቁም ልምጣ ወይ ብሏል። የአከራዩ ሚስት እንኳ ስንት ሰዓት ነው ብላለች። መምህርቷ የጸዳው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አፏን ከፍታ ልትናገር ስትል ዘይቱ ተንጫጫ፤ በጩኸቱ አሳባ አፏን መልሳ ዘጋች።

«በይ ሚጣዬ፣ እስኪ አዲሱን ዘፈን አሰሚኝ» አለች እህትየዋ ድንቹን እያገላበጠች።

«እታለም፣ ልጅቷ ዛሬ ደክሟታል» አለች መምህርቷ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለች እህትየዋ እየሳቀች። «ዘምራ ዘምራ ነዋ የደከማት። ይድከማት።»

ሚጣ ቦርሳዋን አወረደች። ማእድ ቤቱ በር ላይ፣ ከእናቷ ጀርባና ከአክስቷ ወንበር መካከል ቆመች። እንደተማረችው እግሯን ገጠመች፣ ትከሻዋን አወረደች፣ እጆቿን ጎንና ጎኗ አድርጋ አገጯን ትንሽ ቀና አደረገች። ትንፋሿን ሳበች። አፏን ከፈተች። ዓይኗ አክስቷ ላይ ነው። መምህርቷ ከከንፈሮቿ ቃላቱን አንድ በአንድ ታነብ ነበር፤ «የጠዋት መንገድ» ነው፣ አንድም ፊደል አልተሳሳተም። በስንኙ መጨረሻ ትንፋሽ በሚሳብበት ቦታ ሳበች፣ ፈገግ በሚባልበት ቦታ ፈገግ አለች፣ ቀጠለች። መምህርቷ ተይ ለማለት እጇን ከጠረጴዛው አነሳች፤ ግን ምኑን ነው ተይ የምትላት?

«ጀምሪ እንጂ» አለች እህትየዋ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

ልጅቷ ሁለተኛውን ስንኝ ጨርሳ ወደ ሦስተኛው እየገባች ነበር።